አጥቦ የሚያደርቀው በርሜል

ሐምሌ ፬ ቀን ፲፱፻፴፩፥ መተማ። ጧት።

ማስታወሻዬ፥ ከሁሉ በፊት ይህን ያዝልኝ፦ አንድ በርሜል ሁለቱን ሥራ ይችላል፤ ሁለቱን ባንድ ጊዜ ግን አይችልም። ሲያጥብ አያደርቅም፤ ሲያደርቅ አያጥብም። ይህን ያልተረዳ ሰው ባይገዛው ይሻለዋል።

አሁን እያደረቀ ነው። በግራ እጄ መዘውሩን አዞራለሁ፥ በቀኜ እጽፋለሁ። ፊደሌ ቢንጋደድ በዚህ ነው።

ውጭ ዝናብ ነው። ዛሬም። ቤታችን አንድ ክፍል፤ የሣር ክዳን፤ መሐሉ ላይ ምሰሶ። የቤቱ ባለቤት እኅቴ ውብነሽ ናት። ባሏ ሞቷል፥ ልጇ ቤት የለም። እኔ ማስተማሩን በእርጅና ከተውኩ ወዲህ ከጎንደር ወርጄ እሷ ዘንድ ነኝ። ባለፈው ክረምት ከግድግዳ ግድግዳ ገመድ ወጥረን፥ እርጥብ ልብስ ሥር ጎንበስ ብለን ነበር የምንበላው። ወጡ ላይ ጠብ ይል ነበር። ዘንድሮ ደግሞ ወንዝ መውረድ ቀረ። ጣሊያኖቹ ድንበር ነው ብለው ሴቶቹን ከወንዙ ዳር ከለከሉ። የሚያጥብ ሁሉ መልእክት የሚያሻግር ይመስላቸዋል። (ሁልጊዜም አልተሳሳቱም።)

ስለዚህ በርሜሉ። የገዳሪፍ አንጥረኛ ሠራው፤ ነጋዴው ሐጂ ኢድሪስ አመጡልኝ። ውጪው የቤንዚን በርሜል፥ ውስጡ እንደ ወንፊት የተበሳሳ ሌላ በርሜል፥ በጎኑ መዘውር። ልብሱን ከውኃና ከተወቀጠ እንዶድ ጋር ጨምሮ ማዞር። ከዚያ ከሥር ውታፉን ነቅሎ እጣቢውን መልቀቅ፤ ፍም የያዘ የብረት ሣሕን ከሥሩ ማስገባት፤ እንደገና ማዞር። ገመድ የለ፥ ጠብታ የለ። የሚይዘው ቦታ የአንዲት ፍየል ያህል። ሰው ሳያይ፥ ሰው ሳይረዳ፥ ቤት ውስጥ ተጀምሮ ቤት ውስጥ ያልቃል። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

በመጀመሪያው ሰሞን ሁላችንም ቤንዚን ቤንዚን ሸተትን። አሁን ለቋል። ደስ ብሎኛል።

ሐምሌ ፯፥ ሥላሴ።

ጉድለቱን ሳልጽፍ ብቀር ራሴን ማታለል ነው። አፉ ድረስ ሞልቼ አጠብኩ፤ ጠራ። አፉ ድረስ እንደሞላ ላደርቅ ሞከርኩ፤ ዳሩ ሲግል መሐሉ እንደ ሊጥ እርጥብ። ለማድረቅ ግማሹን ማውጣት ግድ ነው። የወጣው ግማሽ ጥግ ተቆልሎ ተራውን ሲጠብቅ ይሸታል። እንፋሎቱም አለ፤ በሩ ከተዘጋ ቤቱ ይታፈናል፥ ከተከፈተ ዝናቡ ይገባል። ከሰል ይበላል። ትንሽ ዘንጋ ካልኩ ያሳርራል። የሸሚዜ አንገት ወይቧል። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ፍሙ በዝቶ ነበር።

ጎረቤታችን ወ/ሮ ትብለጥ እንደ ልማዷ እሳት ልትጭር መጥታ አየችኝ። አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

«የኔታ፥ ሚስት ጠፍቶ ነው በርሜል ያገቡት?»

ውብነሽ ቀድማኝ መለሰች፦ «ተይው፤ ይህቺኛዋ መልስ አትሰጠውም።»

ሁለቱ ሲስቁ መዘውሩን አዞርኩ።

ውብነሽ በርሜሉን አልወደደችውም። ፀሐይ ያላየ ልብስ ልብስ አይደለም ትላለች። አሳቧን መዝግቤያለሁ፤ አልተቀበልኩትም።

ሐምሌ ፲፩።

ሐጂ ኢድሪስ ሥራውን ሊያዩ መጡ። ጉድለቱን በተራ በተራ ነገርኳቸው። አልደነቃቸውም።

«ያ ኡስታዝ» አሉኝ በዐረብኛ፥ መምህር ሲሉ፥ «እኔ ሁለት ሚስት አለኝ። አንዷን ሳጫውት ሌላዋ ታኮርፋለች። ከብረት ምን ይጠብቃሉ?»

ውብነሽ እንኳ ሳቀች። ከዚያ ዓይን ዓይናቸውን ታይ ጀመር። ምን እንደምትጠይቅ ያውቃሉ። ሐጂ ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ ጨው በአህያ ጭነው ወደ አርማጭሆ ይወጣሉ፤ ሲመለሱ ወሬ ይዘው ይመጣሉ። ዛሬ ግን መንገዱ ጭቃ ነው፥ አህያ ያሰጥማል፥ ገና አልወጣሁም አሉ። እስከ ደጅ ሸኘኋቸው። እዚያ ቆመን ስለ ፍሙ ሣሕን ተነጋገርን፤ ጠርዙ ከፍ ቢል ይሻላል አልኳቸው።

የምትጠይቀው ስለ ልጇ ነው። ስሙን ሙሉ አልጽፍም፤ አ. ይበቃል። ከበጋው ጀምሮ ከአርበኞቹ ጋር በአርማጭሆ ጫካ ነው። ለሠፈሩ ገዳሪፍ ሰሊጥ እርሻ ገብቷል ብለናል። ክረምቱ ከገባ ወዲህ ወሬው የለም። ጋቢው ምሰሶው ላይ ተሰቅሏል፥ ሲወጣ እንደተወው። ውብነሽ ስታልፍ ስታገድም በእጇ ትነካዋለች። ለምን እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም።

ሐምሌ ፲፬፥ ከሰዓት በኋላ።

ውብነሽ አራስ ልትጠይቅ ሄዳለች። ቤቱ ለእኔና ለበርሜሉ ቀረ።

እስካሁን ያጠብነው ስስ ስሱን ነው፤ ሸሚዝ፥ ነጠላ፥ ቀሚስ። ወፍራም ልብስ ካልተሞከረ ምዘናው ጎደሎ ነው። በቤቱ ውስጥ ወፍራም ያለው አንድ ብቻ፦ የአ. ጋቢ። አወረድኩት። ላብ ላብ፥ ጭስ ጭስ፥ የሰሊጥ ዘይት ይሸታል። በአንገቱ በኩል ጠቁሯል። ልጁ ሲመለስ ንጹሕ ያገኘዋል፥ እናቱም ደስ ይላታል አልኩ።

ለብቻው የበርሜሉን ግማሽ ሞላ። እንዶዱን ጨመር አደረግሁ። የመጀመሪያው እጣቢ ጭቃ መስሎ ወጣ፤ ቀጥሎ ደፈረሰ፤ በመጨረሻ ጠራ። ፍሙን አስገባሁ። ሳያቋርጡ ማዞር ነው። ክንዴ ዛለ።

ደረቀ! እስከ ጫፉ። እንግዲህ፦ ጋቢ ይችላል፥ ለብቻው ከሆነ። ተኮማትሯል ግን፤ ለታዳጊ ልጅ የተሸመነ መሰለ። ነጭ ነው፥ እንደ ጥጥ። አጥፌ መደቡ ላይ አኖርኩት፤ ስትገባ እንድታየው።

ያው ቀን፥ ሲመሽ።

ገባች። አየችው። ቆመች።

«ማን መጣ?» አለችኝ።

ማንም አልመጣም አልኳት።

«መርዶውን ማን አመጣው?»

ያኔ ገባኝ። በእኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ልብሱ ይታጠባል፤ ታጥቦ ለነፍሱ ይሰጣል። መንገድ የሄደ ሰው ልብስ ግን አይታጠብም። እንደተወው ይቆየዋል። ይህን ከልጅነቴ አውቃለሁ። አውቃለሁ! ጋቢውን ሳወርድ ግን በልቤ የነበረው ውፍረቱ ብቻ ነው።

አልሞተም፥ ወሬም የለም፥ ለሙከራ ነው አልኳት። ማልኩላት። እሷ ፊቴን ታጠናለች። መርዶ እንዴት እንደሚደበቅ ታውቃለች፤ የሰማው ዘመድ ከባለ ሐዘኑ ጋር ይበላል፥ ይስቃል፥ ከዚያ አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ጎረቤቱን ሰብስቦ ይመጣል። የሚደብቅ ሰው የሚለውን ነው እኔም የምለው። አልሞተም ባልኩ ቁጥር ገደልኩት።

«ሐጂን ያን ቀን ደጅ ድረስ ሸኘሃቸው። እዚያ ነገሩህ» አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ነገ ጧት ልታረዱኝ ነው?»

ሐምሌ ፲፭፥ ጧት።

አልተኛችም። ወደ በሩ ዞራ ተቀምጣ አነጋች።

ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ወ/ሮ ትብለጥ ናት፥ እሳት ልትጭር። ከኋላዋ ማንም የለም፥ በእጇ ያለው ገል ነው። ውብነሽ ግን ገሉን አላየችም። መሬት ወደቀች። ነጠላዋን ጠቅልላ አፏ ውስጥ ጠቀጠቀች።

ጮኻ ማልቀስ እንኳ አትችልም። ገዳሪፍ ሰሊጥ እርሻ ላይ ነው የተባለ ልጅ አርማጭሆ ሞተ ተብሎ ቢለቀስ የጣሊያኖቹ ካምፕ ይሰማል፤ ያኔ ቤቱም እኛም የለንም።

ትብለጥ ወደ መደቡ ተመለከተች። የታጠበውን ጋቢ አየች። ገሉ ከእጇ ወድቆ ተሰበረ፥ እሷም አጠገቧ ተቀመጠች። አልሞተም አልኩ። ደግሜ አልኩ። ሁለት ሴቶች ድምፅ ሳያወጡ ደረታቸውን ሲመቱ አየሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ክፍል ውስጥ ጸጥታ ስጠይቅ ኖሬያለሁ፤ እንዲህ ያለውን አላውቅም ነበር።

በኋላ ትብለጥን ደጅ አውጥቼ ነገሩን ከመጀመሪያው አስረዳኋት። እሷ አመነችኝ።

«የኔታ፥ ስንቱን አስተምረው . . .» አለችና ተወችው።

ብትጨርሰው ይሻለኝ ነበር።

ሐምሌ ፲፱፥ ገብርኤል።

ውብነሽ ቤት ውስጥ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ትለብሳለች። ደጅ ስትወጣ ታቀናዋለች፤ ስትመለስ ደፉ ላይ ትዘቀዝቀዋለች። ሰው እንዳይጠይቃት ነው። ትብለጥ መጥታ አስረዳቻት፤ እሷ ግን፦ አንቺንም ደብቂ ብለውሻል አለቻት።

አትቆጣኝም። ምነው በተቆጣችኝ። ትናንት ምሳ አቅርባ፦ «ብላ፥ ወንድምዓለም። አንተ ምን ታደርግ። እንድትነግረኝ አልፈቀዱልህም» አለችኝ። ለእኔ አዘነችልኝ።

ጋቢውን ተከናንቤ ተቀመጥኩ፥ ሽታው የሚመለስ ይመስል። ብረትና ከሰል ይሸታል። ምሰሶው ላይ ሰቀልኩት። አውርዳ ሣጥን ውስጥ ከተተችው። አሁን ስታልፍ እጇ ወደ ምሰሶው ይሄድና ባዶውን ይመለሳል።

ሐምሌ ፳።

በርሜሉን አልነካሁትም። የትብለጥ ዶሮ ላዩ ላይ ሰፍራለች። ፍርዴን ግን ልጨርስ፤ የጀመርኩትን መተው አልወድም።

ለጠባብ ቤት ይበጃል? ይበጃል። ገመዱን ያስቀራል፥ ዝናብ አይፈራም። ጥቂት በጥቂት ለሚያጥብ፥ ለሚታገሥ፥ ከሰል ለማያጣ ሰው ጥሩ ዕቃ ነው። ብዙ ልብስ ላለበት ቤት አይሆንም።

አንድ ነገር ግን በተሳሳተ ረድፍ ጽፌያለሁ። ሰው ሳያይ ተጀምሮ ያልቃል ብዬ ከጥቅሙ ቆጠርኩት። ወንዝ ዳር ቢሆን፥ ጋቢውን ድንጋዩ ላይ ሳላሳርፈው አንዲት ሴት «የኔታ፥ ይህ የማን ነው?» ትለኝ ነበር። ከሚያጥቡት አንዷ ሳትጠይቅ አትቀርም። በርሜል አይጠይቅም። ውብነሽ ፀሐይ ያላየ ልብስ ስትል ምናልባት ይህን ማለቷ ነበር። ምናልባትም ፀሐይን ብቻ ማለቷ ነበር። አሁን ልጠይቃት አልችልም።

ሐምሌ ፳፫።

ዝናቡ ፋታ ሰጠ። ሐጂ ነገ ይወጣሉ። ሱቃቸው ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ያ ሳቂታ ሰው አልሳቀም።

ከልጁ ቃል ያምጡላት አልኳቸው።

«ቃልስ አመጣለሁ፥ ያ ኡስታዝ። ታምነኛለች?»

አታምናቸውም። ከደባቂዎቹ ቆጥራቸዋለች። ወረቀትም አይሆንም፤ ኬላ ላይ ቢያዝ ሰው ያሰቅላል። ቢደርስስ? ውብነሽ ፊደል አልቆጠረችም። ወረቀቱን የማነብላት እኔ ነኝ።

ብዙ ተቀመጥን። ሐጂ መቁጠሪያቸውን ያንከባልላሉ። እኔ የእኅቴን እጅ አስባለሁ፥ ምሰሶው ላይ የነበረውን። ያን ጊዜ ምን እንደሚያስፈልጋት አወቅሁ። ሐጂም ገና ሳልጨርስ ገባቸው፤ ራሳቸውን ነቀነቁ።

በርሜሉንም ይውሰዱት አልኩ። ሌላ ጠባብ ቤት ያለው ሰው አይጠፋም። ጉድለቱን ይንገሩት።

ቤት ገብቼ ገመዱን ከግድግዳ ግድግዳ መልሼ ወጠርኩት። ውብነሽ አየችኝ። ነጠላዋ እንደተዘቀዘቀ ነው።

ለአ. የላክሁት ቃል ይህ ነው። ሐጂ በቃላቸው ይዘውታል፤ ሦስት ጊዜ አስደገምኳቸው፥ እንደ ተማሪ።

ልጄ፥ ጋቢህን ያለ ጊዜው አጠብኩት። እናትህ በቁምህ ታለቅስልሃለች፥ ያውም ያለ ድምፅ። ወረቀት አትላክ። ቃል አይበቃም። የለበስከውን ሸሚዝ አውልቀህ ለዚህ ሰው ስጠው፤ በምትኩ የእኔን ልኬልሃለሁ፥ አንገቱ ወይቧል፥ ታገሠኝ። ወንዝ አታስነካው፥ እንዶድ አታስነካው። ከነላብህ፥ ከነአፈርህ ይምጣ። እናትህ በሩ ሥር ናት። ቶሎ መልስልን።