ስለ አባባ መኪና የዝናብ መጥረጊያዎች መነሣት

ለውድ ወንድሜ ለአክሊሉ ዳኘ
አሰብ

በአባባ መኪና የፊት መስታወት ላይ ለረጅም ዘመን በታማኝነት ሲያገለግሉ የቆዩት ሁለቱ የዝናብ መጥረጊያዎች ካለፈው ጥር ወር ጀምሮ ከሥራቸው ተነሥተው በእማማ አልጋ ሥር በሚገኘው ሣጥን ውስጥ እንዲቀመጡ መደረጉን በጥልቅ ኀዘን እገልጽልሃለሁ። መቅደም የነበረበት ሰላምታዬ ነበር፤ ዘንድሮ ግን እኔ ዘንድ በቦታው የተገኘ ነገር የለም።

ለመሆኑ እንዴት ነህ? የአሰብ ሙቀትስ እንዴት ያደርግሃል? ሥራህስ፣ የወደቡ አለቃህስ? ያ ሆድህን ሲቆርጥህ የነበረውስ ተሻለህ? ውሃው ጨው ጨው ይላል ብለህ ከጻፍክልን ወዲህ እማማ ሻይ በያዘች ቁጥር ትተክዛለች። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ደህና ስል በጤና በኩል ማለቴ ነው። የቀረውን ተቀምጠህ አንብበው።

የአባባን ፊያት መቼም አትረሳትም። አርጅታለች፤ ዝናብ በመጣ ቁጥር ውሃው ከሰው ቀድሞ ነው የሚሳፈረው። አባባ በአንድ እጁ መሪ፣ በአንድ እጁ ጃንጥላ ይዞ ሲነዳ ያየው የገበያ ሰው፣ አቶ ዳኘ፣ ጃንጥላውን ከያዙት ዘንድ በእግርዎ አይሄዱም ወይ እያለ ይስቅበት ጀመር። አባባ ጃንጥላውን ዝቅ አድርጎ መንዳቱን ቀጠለ። ይህ አንጀቴን በላውና መድኃኒት ልፈልግላት ተነሣሁ።

መካኒኩ ጀማል አያትና፣ ውሃው የሚገባው በመጥረጊያዎቹ ሥር ባሉት ቀዳዳዎችና በመስታወቱ ዙሪያ ባለው ጎማ በኩል ነው፣ ጎማው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ አዲሱ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ጠብቁ አለን። እኔ በአውራጃው ጽሕፈት ቤት ባለጉዳዩን ሁሉ ጠብቅ ስል የኖርኩ ሰው፣ ራሴ ጠብቅ ስባል ደሜ ፈላ። የመጥረጊያዎቹ ማጥበቂያ ዳዶ ዝጎ ስለነበር ነጭ ጋዝ አጠጥቼ አሳደርኩት፤ ሲላላ በፒንሳ ፈትቼ ሁለቱንም ነቀልኳቸው። ከሥራቸው የነበረው ጎማ እንደ አሮጌ ቆዳ እጄ ላይ ፈረሰ። ታዲያ ቀዳዳውን በምን ልድፈነው? እዚህ ላይ የአገራችን ሥልጣኔ ትዝ አለኝ። እማማ በጓዳ ያስቀመጠችውን ነጩን ቡላ አወጣሁና ከእንሰት ቃጫ ጋር ለውሼ ቀዳዳዎቹንም የመስታወቱንም ዙሪያ ደፈንኩት። በፀሐይ ሲደርቅ ሲሚንቶ ሆነ። በጣሳ ውሃ ብደፋበት ጠብ አላለም። ጀማል ሲያልፍ አየኝና፣ ምነው ተረፈ፣ መኪናዋ ወለደች እንዴ፣ የአራስ ገንፎ የምታበላት አለኝ። አብረን ሳቅን። ያን ቀን መሳቅ አልነበረብኝም።

መጥረጊያዎቹን ልመልስ ብል ማሸጊያዬ ሊፈርስ ነው። በጋም ስለነበር ሣጥን ገቡ።

አሁን ወዳንተ ጉዳይ እመጣለሁ። አደራ ባልከን መሠረት ጣቢታን ለመጠየቅ ዱራሜ፣ አባቷ አቶ ወልደኪዳን ዘንድ ሽማግሌ ልንልክ ለሚያዝያ መጀመሪያ ቀን አስቆረጥን። ከቤተ ክርስቲያናችን አቶ ጥሩሰውን ለመንን፤ ውሸት ከአፋቸው ስለማይወጣ። ከጎረቤት ደግሞ ሀጂ ሀሰንን፤ ከምባትኛውን ከባለቤቶቹ አስበልጠው ስለሚናገሩና የተጣመመ ነገር ስለሚያቀኑ። ሹፌሩ እኔ ሆንኩ።

ጠዋት ስንነሣ ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳህን ነበር። እማማ መጥረጊያዎቹን በነጠላዋ ይዛ እስከ አጥሩ በር ወጣች፤ ልጄ፣ ሚያዝያ አይታመንም፣ ይዘሃቸው ሂድ አለችኝ። እኔም፣ እማማ፣ እነሱ ጡረታ ወጥተዋል ብያት መኪናዋን አስነሣሁ። በመስታወቱ ወደኋላ ሳይ ይዛቸው ቆማ ነበር።

አንጋጫን እንዳለፍን ሰማዩ ከዳኝ። ቡላ ከውሃ ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚሆን፣ በእንሰት ያደግሁ ሰው ማወቅ ነበረብኝ። መጀመሪያ መስታወቱ ወተት ለበሰ። አቶ ጥሩሰው እስከ ወገባቸው በመስኮት ወጥተው ለክብሩ ቀን የለበሱትን ጋቢ ጨብጠው ይጠርጉ ጀመር፤ እሳቸው በጠረጉ ቁጥር ቡላው ይሰፋል። ቀጥሎ በመሃላችን ከተቀመጡት ከሀጂ ሀሰን ፊት ያለው ለቀቀና ገንፎው እየተንጠባጠበ በጉልበታቸው ላይ ይወርድ ገባ። ሀጂ ሀሰን ብዙ መንገድ በጣታቸው ሲጠርጉት ሄዱ። በኋላ፣ ልጄ፣ ቅቤና በርበሬውስ የታለ አሉኝ።

ጠዋት የሚጠብቁን ሰዎች ዘንድ ከሰዓት በኋላ ደረስን። ዝናቡ አባርቶ ሰፈርተኛው ሁሉ ደጅ ወጥቷል። አቶ ወልደኪዳን ከበራቸው ቆመው ጋቢውን አዩ፣ ጉልበቱን አዩ፣ ይሄ ምንድነው ብለው ጠየቁ። ሀጂ ሀሰን አንድ ያማረ ነገር ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ አቶ ጥሩሰው ቀደሟቸው፤ ቡላ ነው አሉ። እውነት ነው፤ አገር ፈረሰ። ከአጥሩ ማዶ የቆሙ አንዲት አሮጊት፣ ቡላ ይዘው ከመጡማ በቤቱ አራስ አለች ብለው እልል አሉ። አንዱ እልልታ ሌላውን ጠራ፤ ከቤት ወደ ቤት እየተላለፈ እስከ ገበያው ደረሰ። ሳትታጭ የወለደች የተባለችው ጣቢታ መሆኗ ነው።

አቶ ወልደኪዳን ፊታቸው አመድ መሰለ። ልጄ አልወለደችም፣ ገንፏችሁን ይዛችሁ ተመለሱ አሉን። ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም፤ ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር። ሽማግሌ ተቀመጡ እስኪባል ቆሞ ጉዳዩን ይናገራል፤ እኛ ሳንቀመጥም ሳንናገርም ተመለስን። ስምህ እንኳ በዚያ ደጅ አልተነሣም።

አክሊሉ፣ ቀልዴ እስከዚህ አደረሰኝ፣ ከዚህ ወዲያ አላደርስ አለኝ። ሰው ለወንድሙ ድንጋይ ይሸከማል፤ እኔ ሁለት መጥረጊያ ከበደኝ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይላሉ፤ በእኔ የፈሰሰው ደግሞ ውሃ ብቻ አይደለም፣ የሰው ልጅ ስም ነው። አባባ እንዳይሳቅበት ብዬ የጀመርኩት ነገር ጣቢታን ገበያ ሁሉ እንዲስቅባት አደረገ። ሀጂ ሀሰን ብቻቸውን ዳግመኛ ሄደው ነበር፤ አቶ ወልደኪዳን በጨዋ ደንብ አስተናግደው ስለ በርበሬ ዋጋ አውርተው ሸኟቸው። ከጃጁራ አንድ ነጋዴ ጣቢታን ለመጠየቅ ሽማግሌ ልኮ ለግንቦት አጋማሽ ተቀጥሯል ይባላል።

ቢሆንም አትስጋ። ያን ቀን ስንመለስ ጣቢታን በጓዳው በር ስንጥቅ አይቻታለሁ፤ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ትስቅ ነበር። የምትስቅ ልጅ ደግሞ ተቀይማለች አይባልም።

አባባ ሰላም ይልሃል፤ ከእንግዲህ መኪናዋን በእጄም በሐሳቤም እንዳልነካ በሽማግሌ ፊት አስምሎኛል። አቶ ጥሩሰው ሰላም ብለውሃል፤ ጋቢያቸው ታጥቦ ነጽቷል፣ ሲደርቅ ግን ያለ ሰው ብቻውን ይቆማል። ሀጂ ሀሰን፣ ለአክሊሉ ሦስተኛ ጊዜም እሄዳለሁ፣ በእግሬ ቢሆንም በለው ብለውኛል። ጀማል ሰላም ይልሃል፤ እሱም ከዚያ ወዲህ ስለ ገንፎ አይቀልድም። እማማ ግንባርህን ስማለች። ቡላውን ያስቀመጠችው ለሠርግህ እንግዶች እንደነበር የነገረችኝ ትናንት ነው። አልተቆጣችኝም፤ ነግራኝ ዞር አለች።

ወንድምህ
ተረፈ ዳኘ
ሆሳዕና፣ ሚያዝያ 16 ቀን 1960 ዓ.ም.

ማረሚያ፦ ይህ ደብዳቤ ታሽጎ ፖስታ ቤት ሳይደርስ የሚከተለው ስለተረጋገጠ እንደገና ተከፍቷል። የዝናብ መጥረጊያዎቹ ከሥራቸው ተነሥተዋል የተባለው፣ ጎማው ከአዲስ አበባ ደርሶ ጀማል ስለገጠመው፣ ወደ ቀድሞ ቦታቸው ተመልሰዋል ተብሎ ይታረም፤ መኪናዋም አንተን አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ መጥታ ለመቀበል ብቁ ናት። እንዲሁም ጣቢታ ትስቅ ነበር ተብሎ የተገለጸው፣ ታናሽ እህቷ ትርፌ ዛሬ ለገበያ መጥታ በሰጠችው ቃል መሠረት፣ ሳቅ አለመሆኑ ተረጋግጧል። ስለዚህ ከላይ «አትስጋ» የሚለው ቃል ተሰርዞ «ቶሎ ና» ተብሎ ይነበብ።