ጥቁር የማይለበስባት ደሴት

የካቲት 3፣ ረቡዕ። ጠዋት 2 ሰዓት

በጨው ውሃ ተጉመጠመጥኩ። ነጭ ሽንኩርት ጨፍልቄ አሸተትኩ። ምንም። ሎሚ። ምንም። እትዬ ወርቄ ከመጋረጃዬ ማዶ በረኪና አፍስሰው ወለሉን ይፈገፍጋሉ፤ እሱም ምንም። ስምንተኛ ቀኔ ነው። ሳሉ ቀንሷል፣ ንዴቱ ብሷል።

ትርሲት ዛሬም ፎቶ ላከች። እግሯ ውሃ ውስጥ ነው፤ ውሃው ከመጥራቱ የተነሳ ጥፍሯ ይቆጠራል። ጭኗ ላይ ሪም። የኔ ሪም። ከሥሩ እንዴት አደርሽ ሙልዬ ብላለች። እንዴት እንዳደርኩ መች ጠፋት? ባዶ አልጋዋ ከራሴ በላይ ነው ያለው። ስማ ደብተሬ፣ ከእንግዲህ ት. ነው የምላት። ሙሉ ስሟን እየጻፍኩ እስክሪብቶ አልጨርስም።

እዚያ ውሃ ውስጥ መሆን የነበረበት የኔ እግር ነው። የማዳምን ልጅ ሪምን ከአርባ ቀኗ ጀምሮ አራት ዓመት ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ማዳም ለሁለት ሳምንት ማልዲቭስ እንሄዳለን ስትል ሻንጣዬን ከሷ ቀድሜ የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ይኼንን ለማንም አልነገርኩም፣ ለአንተ ልጻፈው። በሽታውን ያመጣሁት ከት. ለቅሶ ነው። ጥር ላይ ወንድሟ ከደ/ብርሃን ደወለልኝ። አባታቸው ዐርፈዋል፤ አደራ፣ ብቻዋን እንዳትሰማ አለኝ። በስልክ መርዶ የት አለ! ሁለት ሳምንት ደበቅኩ። ዓርብ ዓርብ ከማዳም ቤት እየመጣሁ አብሬያት በላሁ፣ አብሬያት ሳቅኩ። ከዚያ በዕረፍት ቀናችን፣ ዓርብ ገና ሳይነጋ፣ ዐሥራ አንድ ሴት ጠራሁና እዚህች አራት ተደራራቢ አልጋ የጠቀጠቃት የሻርጃ ክፍል ውስጥ መርዶውን ነገርናት። መሰብሰብ ክልክል ነው፣ ያስቀጣል። ማን ሰምቶ? ማስኩ ዕንባ ሲነካው ተራ በተራ ወለቀ። አንገት ላንገት ተናንቀን አለቀስን። በአንድ ፎጣ ፊታችንን ስንጠርግ ዋልን።

ማክሰኞ ለጉዞው ኮሮና ተመረመርኩ። ፖዘቲቭ። ማዳም በስልክ ቤቴ እንዳትደርሺ አለችኝ፤ ቀጥላ የምታምኛት ሰው ካለች ጥሪልኝ አለች። ት. አለች አልኩ። ምነው ምላሴ በተቆረጠ! ያኔ የጽዳት ኤጀንሲዋ ሹግል የለም፣ ሥራ የለም ብሎ አስቀምጧታል፣ ኀዘኑ አናቷ ላይ ነው፤ ሄዳ ልቧ ይረፍ ብዬ ነው። ተመረመረች። በዐሥራ አንድ ሰው አንገት ላይ ያለቀሰችው ነጻ! አጽናኟ በሽተኛ! ይኼ እንግዲህ ፍርድ ነው።


የካቲት 6፣ ቅዳሜ። ከሰዓት በኋላ 9

ነጻ ሆንኩ። እ/ር ይመስገን። ውጤቱን ለማዳም ላክኩላት። ሁለቱ ምልክቶች ሰማያዊ ሆኑ። አንብባዋለች። መልስ የለም።

ሌሎቹ ሁለት የክፍላችን ልጆች እኔን ሸሽተው አጅማን ዘመድ ጋ እንደገቡ ናቸው። የቀሩት እትዬ ወርቄ ብቻ። አጅማን ትምህርት ቤት ያጸዳሉ፣ ትምህርቱ በኮምፒውተር ሆነና እሳቸውም ቤት ዋሉ። አጥሚት ሠርተው በመጋረጃው ሥር ይገፉልኛል። ቢሞቱስ? ስላቸው ዕድሜዬን ጠግቤያለሁ፣ ጠጪ አሉኝ።

ምሽት 1 ሰዓት። ት. ቪዲዮ ላከች። ሪምን እሹሩሩ ትላታለች። እሹሩሩውን ያስለመድኳት እኔ! ደግሞ አፍጥናዋለች፣ ባቡር የሚያመልጣት ይመስል። ሪም ግን ዓይኗን ጨፈነች። እርር ድብን አልኩ። ስልኩን ትራስ ሥር ከተትኩት፣ መልሼ አወጣሁት፣ አምስት ጊዜ አየሁት።

በመስኮት ዱባይ ትታያለች፣ ከሩቅ፣ መብራቷን አብርታ። ቱሪስት ይግባ ብለው ከፍተዋል። ለመዝናኛ ክፍት፣ ለለቅሶ ዝግ። ድብን ይበሉ።


የካቲት 11፣ ሐሙስ። 10 ሰዓት

መጣች። የማዳም ሾፌር በር ላይ አራግፏት ሄደ። ጠቁራለች፣ አፍንጫዋ ተልጧል። የለበሰችው ቢጫ ቲሸርት ነው፣ ደረቱ ላይ ዘንባባ አለው። የአባቷ ዐርባ ሳይወጣ ቢጫ! እትዬ ወርቄ ውይ አሉና ዋጡት።

ልትስመኝ መጣች። እዚያው ቁሚ አልኳት። ዛጎል አምጥታልኛለች። ጆሮሽ ላይ ብታደርጊው ባሕሩ ይሰማሻል አለች። እኔ የሚሰማኝ የኢንዱስትሪያል ኤሪያ ጄኔሬተር ነው።

የጠየቅኳት አንድ ነገር ብቻ፤ ማዳም ስለኔ ምን አለች? ጫማዋን ማየት ጀመረች። ቀስ እያለች አወጣችው። ከእሑድ ጀምሮ በኔ ቦታ ት. ትገባለች። የኔ ቪዛ ይሰረዛል፣ ልብሴን ሾፌሩ ያመጣልኛል። ኸላስ፣ በቃ። ሪምን እንኳ ቻው አልላትም።

ያልኳትን እዚህ አልጽፈውም። ብዙ ተናገርኩ፣ አባቷን ግን አልነካሁም።

11 ሰዓት ተኩል። ነክቻለሁ። በአባትሽ ሬሳ ተረማምደሽ ልጄን ወሰድሽ ብያታለሁ። ይኸው፣ ጻፍኩት።


የካቲት 12፣ ዓርብ። ቀትር

አንነጋገርም። እሷ ከላይ፣ እኔ ከታች፤ ስትገላበጥ አልጋው ይንጫጫል፣ እኔም ሆን ብዬ እገላበጣለሁ። እትዬ ወርቄ ጠዋት ለብቻዬ ይዘውኝ ሙት ወቃሽ አትሁኚ አሉኝ። እሺ እትዬ አልኩ። ከበደኝ።

መጋረጃዬን ሳብኩና ተኛሁ። ተኛሁ ስል ጆሮዬን አቁሜ። ት. ለእትዬ ወርቄ ደሴቷን ታወራለች። ቤቱ ውሃ ላይ የቆመ ነው አሉ፣ ወለሉ መስታወት፣ ከሥር ዓሣ ይሄዳል። የሷ መኝታ ከሪም አልጋ ሥር መሬት ላይ። ጠዋት ከፀሐይ ጋር ውሃ ውስጥ ትገባለች፣ ከፀሐይ ጋር ትወጣለች፤ ልጅቷ ከባሕሩ አልወጣም ትላለች። ት. መዋኘት አትችልም እኮ! ውሃ እስከ ደረቷ፣ ሪምን ትከሻዋ ላይ አድርጋ።

የመጀመሪያውን ቀን ጥቁሯን ለብሳ ወጣች። ማዳም ሰው እዚህ የመጣው ሊደሰት ነው፣ ሞት አታምጪብኝ አለችና ቢጫውን ሰጠቻት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ያንን አጥባ ያንን ለበሰች። ጥቁር ሻሿን ከሥር፣ ወገቧ ላይ አሠረችው። ማልቀሻ ቦታ አጣች። ክፍሉ ውስጥ ማዳም፣ ደጁ ላይ እንግዳ። ባሕሩ ውስጥ ታለቅሳለች። ፊቷ እንደሆነ እርጥብ ነው፣ ጨው በጨው፤ ማን ይጠይቃል? ሪም ብቻ ታያለች። ውሃ ገባብኝ ስትላት ዓይኗን እፍ ትልላታለች።

እፍ ማለት ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

ፎቶውን ደግሜ አየሁት። እግር ነው። ሁሉም እግር ነው። አንዱም ላይ ፊቷ የለም። ቢሆንስ? ቢጫ ያለበስኳት እኔ አይደለሁም! ኀዘኗ ሌላ፣ ቤቴን መውሰዷ ሌላ።


የካቲት 13፣ ቅዳሜ። 11 ሰዓት

እትዬ ወርቄ አስታረቁን ልል አልችልም። አስቀመጡን። አንድ ሳህን ሽሮ መሃል አድርገው ሁለታችሁም እጃችሁን ካልሰደዳችሁ አልበላም አሉ። የሳቸው ስኳር በሽታ እያለ ማን ይጨክናል? በላን። ከዚያ ንገሪያት ብለው ት.ን ጎነተሏት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማዳም አንድ ምሽት በረንዳ ላይ፣ ሙሉ ግን ከየት ይዟት ነው? ብላ ጠየቀች። ት. ሰው አጥታ ሰንብታለች፣ ደስ አላት። ዘረገፈችው። እንዴት ሁለት ሳምንት መርዶዋን እንደደበቅኩላት፣ ሰው እንደሰበሰብኩላት፣ ስትወድቅ እንዳነሳኋት፣ አቅፌያት እንደዋልኩ። ሙሉ ወርቅ ናት፣ እህቴ ብትሆን ይኼን አታደርግልኝም አለቻት። እንዲህ ያለች ሰው ናት ልጄን የያዘችልኝ እንድትል ነው። ደሞዝ እንድትጨምርልኝ ሁሉ አስባ ነበር አሉ! አገራችን ቢሆን ማን ለቅሶ ደራሽን ይነቅፋል? የሚነቀፈው የቀረ ነው።

ማዳም የጠየቀችው ሁለት ነገር ነው። ስንት ሴቶች መጡ? ዐሥራ አንድ። ያን ዕለት ማታ መጥታ ልጄን ስማታለች? ት. ልትዋሽ አሰበች፣ ዘገየች። በቃ።

ልኩልሽ ብላ ዓይኔን አጠፋችው።

ሳቅኩ። ሳቄ ወደ ሳል ሄደ። ከዚያ ማዳምን ልረግም አፌን ከፈትኩ። ድንጋይ ነሽ፣ ልቅሶ የማይገባሽ ልል። ያቺ ዓርብ መጣችብኝ። ማታ ስገባ ሪም ከደረጃው ሙሙ እያለች ሮጠች። ማስኬን አውርጄ ሁለቱን ዓይኖቿን ሳምኳቸው። ጉሮሮዬን እየከረከረኝ ነበር። ልቅሶው ነው ብዬ። ሪምን ይዟት ቢሆንስ? እኔም እናቷ ብሆን ያቺን ሴት ደጄ አላስደርሳትም። ከሁሉ ያቃጠለኝ ይኼ ነው፤ የምጠላውን ሰው ወስዶብኛል።

ት. አልሄድም አለች። በእንጀራሽ አልገባም፣ ሾፌሩ ነገ ቢመጣ ከዚህ አልጋ አልወርድም። ደሴቷ ላይ ሪም ማታ ማታ ሙሙስ? እያለች ታለቅስ ነበር፣ ሙሙ ትመጣለች እያልኩ ነው ያስተኛኋት፣ አሁን በምን ዓይኔ? አለች። ሳህኑን አንስቼ አጠብኩ።


የካቲት 14፣ እሑድ። ጠዋት 12 ተኩል

ሾፌሩ 2 ሰዓት ላይ ይመጣል። ት. እንዳለችው አልተነሳችም፣ ጥቁሯን ለብሳ ግድግዳ ታያለች። እኔም እንቅልፍ የሚባል አልወሰደኝም።

ብትቀር ማን ይደሰታል? እኔ ነኛ። ለአንድ ቀን። ከዚያ ኤጀንሲው ሌላ ይልካል፣ ሪም የማታውቃት፣ እሹሩሩ የማታውቅ። ማዳም እንደሆነች እኔን መልሳ አትወስድም።

1 ሰዓት። ውረጂ አልኳት። አልወርድም አለች። ያላ፣ ውረጂ! ብዬ ጮህኩ፣ እትዬ ወርቄ ከእንቅልፋቸው ባነኑ። ወረደች። ይቅርታ አላልኳትም፣ ይቅር አላልኳትም፤ ይኼ ይታወቅልኝ። የአባትሽን ነገር ግን ማለት አልነበረብኝም አልኳት፣ መስኮቱን እያየሁ። ማክሰኞ ዐርባቸው ነው፣ ያ ቤትም ጥቁር አያስለብስም። ሻሿን ተቀብዬ ወገቧ ላይ አሠርኩላት፣ ጠበቅ አድርጌ። ዩኒፎርሙን ከላይ አለበስኳት። አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም። ገና ተናድጃለሁ።

ደብተሬ፣ ይኼን ገጽ ቀድጄ ልሰጣት ነው። አትቀየመኝ።

ትርሲት፣

ወተት በሰማያዊው ኩባያ ካልሆነ አትጠጣም። ሙዝ ስትልጪላት እንዳይሰበርብሽ፣ ከተሰበረ ኡኡታ ነው። ፀጉሯን ከጫፉ ጀምረሽ አበጥሪ። ስትፈራ አትናገርም፣ የግራ ጆሮዋን ትጎትታለች፤ እሱን ካየሽ ቶሎ እቀፊያት። እሹሩሩውን አታፍጥኚው። መንገድ ላይ ሐበሻ ሴት ስታይ እኔ እየመሰላት ትሮጣለች፣ እጇን አጥብቀሽ ያዢ። ስትጠይቅሽ ደግሞ ሙሙ ትመጣለች አትበያት።