የተመለስኩባቸው በሮች

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 12። ምሽት

እግሬ አብጧል። ዛሬ ሬይኖልድስበርግ፤ ሰባ ምናምን በር። ግማሹ አልተከፈተም። አንድ ውሻ። ሁለት በር ላይ ካሜራው ብቻ አናገረኝ። አንዷ ሴትዮ ፒዛ የመጣላት መስሏት ጉርሻ ይዛ ወጣች። ሒጃቤን አየች፣ በእጄ ያለውን የምርጫ ቅስቀሳ ፍላየር አየች፣ ተሳሳቅን። ድምፅ ትስጠኝ አትስጠኝ እንጃ።

በየበሩ ያው ጥያቄ፦ የካውንቲ ሪከርደር ምን ይሠራል? በየበሩ ያው መልስ፦ የቤትና የመሬት ሰነድ የሚመዘገብበት ቢሮ ኃላፊ ነው። ቤትዎ የእርስዎ መሆኑን የሚያውቀው ቢሮ። አሥራ አንድ ዓመት የቤት ሽያጭ ወረቀት ሳስፈርም ኖሬያለሁ። ባሏ ከሞተ በኋላ ስሟ ሰነዱ ላይ አለመኖሩን የምታውቅ ሴት ስንቷን አይቻለሁ። ለዚህ ነው ለቦታው ልወዳደር የገባሁት። ይህን ላንቺ፣ ለደብተሬ፣ መንገር አያስፈልገኝም፤ አፌ ለምዶ ነው።

መንገዱን የሚያወጣው ብሩክ ነው። ማናጀሬ፣ ሾፌሬ፣ ጸሐፊዬ፣ ሁሉም ነገር። በዲቪ የመጣ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ሠላሳ ዓመቱ። ሌሊት ዌርሃውስ፣ ዕቃ መጋዘን ውስጥ፣ ይሠራል፣ ቀን ለኔ። መቼ እንደሚተኛ አላውቅም።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 14

አዲሱ ፍላየር ደረሰ። ብሩክ ነው የጻፈው። ፊቱ ላይ የኔ ፎቶ (ፈገግታዬ የጥርስ ሐኪም ማስታወቂያ ይመስላል)። ጀርባው ላይ ተቀናቃኜ ሚስተር ሀርትዌል። የሰፈሩ ምክር ቤት አባል ሆኖ ግማሽ ዓመት ሙሉ ስብሰባ አልመጣም። ከሥር በትልቁ፦ ስብሰባ ያልመጣ ሰው ቢሮ ይመጣል?

ሳቄ መጣ። እውነት ነው ወይ አልኩት። ቃለ ጉባኤዎቹን ከፍቶ አሳየኝ። ከስሙ ጎን፦ አልተገኘም። አልተገኘም። አልተገኘም። እውነት ከሆነ ምን ችግር አለው። ይታደል።

ኀሙስ፣ ኦክቶበር 17

ፍላየሩ እየሠራ ነው! ሰው ጀርባውን አንብቦ ራሱን ይነቀንቃል። አንዱ ሽማግሌ፣ አንቺ እንኳን በዝናብ መጥተሻል አለኝ። ብሩክ ደስታውን አልቻለውም።

ልጄ ሂባ ግን የምግብ ጠረጴዛ ላይ አገኘችው። አነበበች። «ኢትስ ሚን፣ ማም» አለችና ሄደች። ክፋት አለበት ማለቷ ነው። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ሁሉም ነገር ክፋት ይመስላታል።

እሑድ፣ ኦክቶበር 20

ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው።

ሬይኖልድስበርግ፣ ከቀትር በኋላ። የከፈቱልኝ ሐበሻ ናቸው፣ እትዬ ዘውዴ ይባላሉ። ከቤተ ክርስቲያን መመለሳቸው ነው፣ ነጠላቸውን አላወለቁም። ግቢ ልጄ አሉኝ። ውሃ ሰጡኝ። ፍላየሩን ገለበጡት። መነጽር አመጡ። እንደገና አነበቡት።

«ይሄን የጻፍሽው አንቺ ነሽ?»

እኛ ነን አልኩ።

«ሚስቱን እያስታመመ ነበር እኮ።»

እትዬ ዘውዴ ሥራቸው በሽተኛ መንከባከብ ነው፣ ቤት ለቤት እየሄዱ። ያቺን ሴት እስከ መጨረሻው ያስታመሟት እሳቸው ናቸው። ካንሰር። «የሰው ምስጢር አወጣች እንዳትዪ። ቀብሯ ላይ ራሱ ቆሞ ተናግሮታል። ስብሰባው ማታ ነው፤ ሕመሙም የሚብስባት ማታ ነበር። እጇን ይዞ ይቀመጣል። ሂድ፣ እኔ አለሁ ብለው አይሄድም።»

ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝ።

«ይሄን ከቤቴ ይዘሽልኝ ውጪ። አንቺን አላልኩም። አንቺ ውሃሽን ጨርሺ።»

ጨረስኩ። እንዴት እንደወረደ እኔ ነኝ የማውቀው።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 22

ከብሩክ ጋር ተጣላን። የተረፈውን ፍላየር እንጣለው ስለው ወዲያው እሺ አለ። እሱም ደንግጧል። የታደለበት በር ሁሉ ተመልሰን እንናገር ስለው ግን ተነሳ።

ሁለት ሳምንት ቀርቶናል አለ። ኢስተን የገበያ ማዕከል ጀርባ ያሉት አፓርትመንቶች አንድ በር አልተነኩም። የሆቴልና የሬስቶራንት ሠራተኞች፣ የኛው ሰዎች፣ እኔን የሚመርጡ። እነሱን ትተን ለተቀናቃኛችን ብለን ይቅርታ እየጠየቅን እንዙር? ደግሞስ ምን ዋሸን? እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው።

ቃሉ እውነት ነው፣ ሰው የሚረዳው ግን ውሸት ነው አልኩት።

«እንቅልፌን ያጣሁት እንድትሸነፊ አይደለም፣ ነጃት» አለኝ። እህት ነጃት ማለቱን ተወ። ጃኬቱን አንስቶ ወጣ።

እሱም እውነት አለው። የከፋኝ ይሄ ነው።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 23። ጠዋት

ሰይድ ከነብራስካ ኮል አደረገልኝ፤ ትራኩን ሊያራግፍ ወረፋ ይዞ። ሁሉንም ነገርኩት። ባሌ ብዙ አያወራም።

«የሰው ሐቅ ነው፣ ነጃት» አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ እኔ እዚህ ተቀምጬ መናገር ይቀለኛል፣ የምታንኳኪው አንቺ ነሽ አለ።

ከሥራ በኋላ እሄዳለሁ። ብቻዬን።

ረቡዕ። ምሽት

መስታወት ፊት የተለማመድኩት ይህን ነው፦ ባለፈው የሰጠሁዎ ወረቀት ሰውየው ስብሰባ የቀረበትን ምክንያት አይናገርም። ሚስቱን እያስታመመ ነበር። አርፋለች። ሳላጣራ በማደሌ ይቅርታ።

በቃ። ድምፅ ሳትጠይቂ ከበር እንዳትመለሺ የሚል የብሩክ ሕግ አለ። ሳልጠይቅ ተመለስኩ።

አንዱ፣ አንቺን ልመርጥ ነበር፣ አሁን እሱን ነው የምመርጠው አለኝ፣ በትሕትና። አንዷ አላስጨረሰችኝም፣ ዘጋችው። አንድ ሰውዬ ሳቀ፤ ራሷን የምትከስ ፖለቲከኛ ነይ እዪ ብሎ ሚስቱን ጠራ። አንዲት ሴት ደግሞ በሩን ይዛ አለቀሰች። ባሏ ታሞ ጓዳ ተኝቷል፣ እሷም ከሥራ ቀርታለች። መቀመጫ አወጣችልኝ። ሰዓቱን አላየሁም።

አሥራ ዘጠኝ በር ብቻ። በዚህ አካሄድ አልጨርስም።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 26

ጠዋት መንገዱ ጥግ ላይ የብሩክ መኪና ቆሟል። መስኮቱን ዝቅ አደረገ። ከሌሊት ሥራው በቀጥታ መምጣቱ ነው፣ ዓይኑ ደም መስሏል። ወረቀት ሰጠኝ። ፍላየሩ የደረሰባቸው ቤቶች ዝርዝር፣ በመንገድ በመንገዱ ተስተካክሎ።

«ያለ ዝርዝር አንዱን ቤት ሁለቴ ታንኳኪያለሽ» አለ።

እሱ ግራውን፣ እኔ ቀኙን። ከቀትር በኋላ፣ ሰው እስኪከፍትልኝ ስጠብቅ፣ ከማዶ ድምፁን ሰማሁት። አንድ ትልቅ ሰው ፊት ቆሟል፣ ኮፍያውን አውልቆ። «የጻፍኩት እኔ ነኝ» ይላል በእንግሊዝኛ። «እሷ አይደለችም። እኔ ነኝ።»

ፊት ለፊቴ በሩ ተከፍቶ ሴትዮዋ እየጠበቀችኝ ነበር።

እሑድ፣ ኦክቶበር 27

አንድ በር ቀርቶ ነበር። የራሱ የሚስተር ሀርትዌል።

ብሩክ አብሬሽ ልግባ አለ። አይሆንም፣ መኪናው ውስጥ ጠብቀኝ አልኩት።

ራሱ ከፈተ። ቀጭን ሰው፣ ከፎቶው ያረጀ። አወቀኝ። የተለማመድኩትን ጀመርኩ፣ እሱ ፊት ግን አረፍተ ነገሩ ተሰበረብኝ። አላቋረጠኝም። ወረቀቱን አይቼዋለሁ አለ። ከበጎ ፈቃደኞቻችን አንዱ የሱም በር ላይ ጥሎት ሄዷል፤ መጀመሪያ ያነሳው ልጁ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ምንም አይደለም አላለኝም። እንዲለኝም አልጠበቅኩም። ይልቅ እንዲህ አለኝ፦ የምቀርበት ምክንያት ይሄ ነው ብዬ ለምክር ቤቱ መጻፍ ነበረብኝ። ቁጭ እልና አንድ መስመር መጻፍ ያቅተኛል። ከጻፍኩት እውነት ይሆናል ብዬ እፈራ ነበር።

ማን እንደነገረኝ ጠየቀ። አመነታሁ፤ የአንድ ሰው ስም ማንሳት አልፈለግኩም። ራሱ፣ «ዘውዴ ናት?» አለ፤ አጠራሩ ልክ አይደለም፣ ግን ስማቸው ነው። ደህና ናት? ከቀብሩ በኋላ ሄጄ ላመሰግናት ነበር፣ ያ ቤት ውስጥ ያየችኝን ሰው ፊት ለፊት ማየት አቃተኝ አለ። ሰላም በይልኝ አለ። በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 28

እትዬ ዘውዴ ቤት ሄድኩ። ሰላምታውን አደረስኩ። ሽንኩርት እየከተፉ ነበር፤ ቢላዋውን አስቀመጡ።

«ስሜን ያስታውሳል?» አሉ።

ስወጣ፣ በምርጫው ቀን ማንን እንደምመርጥ እንዳትጠይቂኝ አሉኝ። አልጠይቅም አልኩ። ሳቁ።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 5

የምርጫ ቀን። ከጠዋት ጀምሮ ከምርጫ ጣቢያው ራቅ ብዬ፣ በተፈቀደልኝ ቦታ ቆምኩ። ቀዘቀዘኝ። ሰው ሲያልፍ እጄን አነሳለሁ። አንዳንዱ ያነሳል። ያቺ ባሏ የታመመባት ሴት ጥድፍ ጥድፍ እያለች መጣች፣ ስትወጣ አቀፈችኝ። ማንን እንደመረጠች አልነገረችኝም። ብሩክ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ እንቅልፍ ወሰደው። አልቀሰቀስኩትም።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 6

ተሸነፍኩ። በትንሽ ነው። በብዙ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ብሩክ መጣ። ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ኢስተን ጀርባ ያሉት አፓርትመንቶች፣ በቀረን ሳምንት ግማሹን እንኳ ያላዳረስናቸው፣ ለመምረጥ ሰው ብዙም አልወጣም። ጣቱን እዚያ ላይ አድርጎ ቆየ። ነግሬሽ ነበር አላለም። ካርታውን መልሶ አጠፈው።

«ይጸጽትሻል?» አለኝ።

አይጸጽተኝም አልኩት። ላንቺ አልዋሽም፤ ይጸጽተኛል። ትንሽ አይደለም። ዛሬ ሥራ ቦታ ሁሉም አይዞሽ ሲሉኝ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አልቅሻለሁ። ግን ዛሬ ያ ዝርዝር እጄ ላይ ቢሆን፣ እያለቀስኩም ቢሆን ያው መንገድ ላይ ነኝ።

ላሸነፈው ሰው እንኳን ደስ አለህ ማለት አለብኝ። ብሩክ ኢሜይል ይበቃል ይላል፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው። መኪናውን አስነሳ አልኩት። ሄጄ በሩን አንኳኳለሁ።