በሚስማር ጫማ ወደ ሴቪያ

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 15

ጋሽ እንድሪስ ጫማዬን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩና፣ «ፋጤ፣ ይኼ ለሰው ነው ለበቅሎ?» አሉኝ።

ደሴ፣ ሰኞ ገበያ በሚባለው ሰፈር፣ እርሳቸው ያልጠገኑት ጫማ የለም። እንዲህ ዓይነት ትእዛዝ ግን ገጥሟቸው አያውቅም፤ ከፊት ሃያ ሚስማር፣ ከተረከዙ ሃያ፣ አናታቸው ጠፍጣፋ፣ አንዱ ካንዱ የተጠጋጋ። ፍላሜንኮ የሚባለው የስፔን ጭፈራ በእግር የሚመታ ከበሮ ነው ብዬ አስረዳኋቸው። «ከበሮውስ የት አለ?» አሉ። መሬቱ ነው አልኳቸው። «ለመሬቱ አዘንኩለት» ብለው መዶሻቸውን አነሱ።

እስካሁን ያለኝና የሌለኝ፦

ጫማ፦ አለ።
ቀሚስ፦ አለ። በፋብሪካችን ጉድለት አለበት ተብሎ ከተጣለ ጨርቅ የተሰፋ ነው። ጉድለት አለበት ብዬ የጣልኩት እኔው የጥራት ተቆጣጣሪዋ ነኝ። ስጥለውም ቀሚሱ ይታየኝ እንደነበር አላህ ያውቃል።
ፈቃድ፦ አለ። የሠራተኛ አስተዳደሩ ሰውዬ «ምክንያት» በሚለው ቦታ ላይ «ጭፈራ» ብሎ ለመጻፍ እጁ እምቢ ስላለው «ስልጠና» ብሎታል።
የአውሮፕላን ቲኬት፦ አለ፤ ደርሶ መልስ፣ ለሚቀጥለው ዓርብ።
ቪዛ፦ የለም፤ «እንደውላለን» ተብያለሁ።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 16

ስፔን ድረስ ማን እንደጋበዘኝ እዚህ ልጻፈው። በኋላ እኔም ራሴን እንዳልጠራጠር።

ቤይሩት ስድስት ዓመት የሰው ቤት ሠርቻለሁ። የእመቤቲቱ ልጅ ሪማ በሳምንት ሁለት ቀን ሳሎን ውስጥ ፍላሜንኮ ትማር ነበር። አስተማሪዋ እያጨበጨበች አሥራ ሁለት ትቆጥራለች፤ እኔም ኮሪደሩ ላይ ሆኜ በመወልወያው አሥራ ሁለት እቆጥራለሁ። ቤይሩት ውስጥ የዚያን ያህል የተወለወለ ኮሪደር አልነበረም። አንድ ቀን ሪማ ዘወር ስትል እግሬን አየችብኝ። አልሳቀችም። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሩን ገርበብ አድርጋ ትተውልኝ ነበር።

አሁን ሪማ ሴቪያ በሚባል ከተማ ራሷ አስተማሪ ሆናለች። ቲኬቱንም የግብዣ ደብዳቤውንም የላከችው እሷ ናት። ከሥሩ አንዲት መስመር ጨምራለች፦ «አሥር ቀን ነይ። በዚህ ጊዜ መወልወያ የለም።»

ይቺን መስመር ስንት ጊዜ እንዳነበብኳት አልናገርም። ውጭ አገር ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ውጭ አገር አንድ ቀን እንግዳ ሆኜ አላውቅም። የምፈልገው እሱን ነው። አንድ ጊዜ በር ከፍተው «ግቢ፣ ተቀመጪ» እንዲሉኝ።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 17

ደሴ፣ እማ ቤት። የሽኝት ዱአ።

እማን አሥር ቀን ብቻ ነው ብያታለሁ፤ በጣቴም ቆጥሬ አሳይቻታለሁ። ሰፈሩ ግን ለሥራ እንደምሄድ ወስኗል። ጨፍሮ ለመመለስ ብቻ አውሮፕላን የሚሳፈር ሰው አለ ብሎ የሚያምን አንድም ጎረቤት አላገኘሁም። እትዬ ሀዋ ጓዳ ድረስ ተከትላኝ መጣችና፣ «ለኛ እንኳ አትደብቂን፤ ስንት ዓመት ነው ኮንትራቱ?» አለችኝ። ከዚያ ጂዳ ላለው ልጇ በርበሬና በሶ አሸከመችኝ።

«እትዬ፣ የምሄደው ስፔን ነው እኮ።»

«አውቃለሁ። ካረፍሽ በኋላ ብቅ ብለሽ ትሰጭዋለሽ።»

ዱአውን የመሩት ሼህ ሙሄ ናቸው፤ አባቴንም የዳሩት፣ የቀበሩትም እሳቸው ናቸው። «ያ አላህ፣ ይችን ልጅ በሰላም አድርስልን!» አሚን! «እንጀራዋን አስፋላት!» አሚን! «በወጣችበት አጽናልን! እግሯን እዚያው ትከልልን!» አሚን! ጣራው ተነሳ።

እኔም አሚን አልኩ። ምን ላድርግ? ሼህ ሙሄን በዱአ መሐል «ይቅርታ፣ የመልሱ ቲኬት ተቆርጧል» ብሎ የሚያቋርጥ ገና አልተወለደም። ለእግር ጭፈራ የምትሄድ ሴት እግሯ እንዲተከል ስትመረቅ እኔ የመጀመሪያዋ ሳልሆን አልቀርም።

እማ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ነበር፣ ሻሿን እስከ አገጯ ስባ። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁት።

እሑድ፣ ሚያዝያ 18

ኮምቦልቻ። ሙቀት። ልምምድ።

ችግሬ ትከሻዬ ነው። ፍላሜንኮ ትከሻ ዝቅ ብሎ ጸጥ እንዲል ይፈልጋል፤ ሥራው ያለው ከወገብ በታች ነው። የኔ ትከሻ ግን ወሎዬ ነው። እግሬ ገና አምስት ሲደርስ እሱ ለብቻው ሠርግ ቤት ገብቷል። መስታወት ፊት ቆሜ ተቆጣሁት። አልሰማኝም።

የቤት አከራዬ በሩን አንኳኩታ፣ «ፋጡማ፣ ሚስማር እየመታሽ ከሆነ ግድግዳው ብሎኬት አይደለም» አለችኝ። እየመታሁ ያለሁት ወለሉን ነው አልኳት። ወለሉን አየት አድርጋ ሄደች።

ዛሬም የቪዛ ቢሮው አልደወለም። እሑድ ነው፣ አይደውልም። ቢሆንም ስልኬን ሽንት ቤት ሳይቀር ይዤ ገባሁ።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 19

ደወሉ።

ለእኔ አይደለም። ፎርሙ «ሌላ የሚገኙበት ስልክ» ሲል የእማን ቁጥር የሰጠሁ እኔ ነኝ። ሽመና አዳራሽ ውስጥ ስልክ አይሰማም፤ አጠገብሽ ያለ ሰው ቢጮህም አይሰማም። ብልህ ነኝ ብዬ ነው።

ለምሳ ስወጣ እማ ስድስት ጊዜ ደውላለች። መልሼ ደወልኩ።

«አብሽሪ! አብሽሪ ልጄ! ደወሉ! ትሁት ልጅ ነው፣ አማርኛውም ጥሩ ነው።»

«ምን አለሽ እማ?»

«‹ልጅዎ መቼ ነው የምትመለሰው?› አይለኝም! ወላሂ ደሜ ፈላ። ገና እግርሽ ሳይወጣ መመለስሽን የሚያነሳ ምን ዓይነት ሟርተኛ ነው? ‹ልጄ፣ ክፉ አታውራ፤ ኢንሻአላህ አትመለስም! አላህ እዚያው ያጽናት!› አልኩት።»

መቀመጫ ፈለግሁ። አልነበረም።

«እሱስ ምን አለ?»

«‹እርግጠኛ ነዎት?› አለኝ። ‹ሰፈሩ በሙሉ ዱአ አድርጓል› አልኩት። ታናሽሽ ዘሀራም እንዳለች፣ እሷም ሥራ እንደማትመርጥ ነገርኩት። ጥሩ አደረግሁ አይደል?»

ልቆጣት አልቻልኩም። እኛ ሰፈር ቶሎ የምትመለስ ልጅ ወይ የታመመች ናት ወይ ተጠርዛ የተባረረች። ለሚሄድ ሰው መመለሻውን መጥራት እንደ እርግማን ነው። እናቴ ለባዕድ ሰው በስልክ ያላትን ትልቁን ምርቃት አውጥታ ሰጠችልኝ።

ወደ ቪዛ ቢሮው ደወልኩ። ማሽን ነው የሚያወራው። አንድን ይጫኑ፣ ሁለትን ይጫኑ። «እናቴ ስትመርቀኝ ሰምታችሁ ከሆነ» የሚል ቁጥር የለውም።

ኢሜይል ጻፍኩ፤ ሪማ ወደ ቋንቋቸው መለሰችው፦ «ክቡራን ሆይ፣ እናቴ አትመለስም ያሉት ሲመርቁኝ ነው። እባካችሁ ቃላቸውን እንደ ምርቃት እንጂ እንደ መረጃ አትያዙት። የመልስ ቲኬት አለኝ። ሥራ አለኝ። እመለሳለሁ።»

የመጨረሻዋን ቃል ሦስት ጊዜ ልጽፋት ነበር። የሚለምን ሰው ይመስላል ብዬ ተውኩት።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 20

ጠዋት ፓስፖርቱ ተመልሷል የሚል መልእክት መጣ። አዲስ አበባ ያለው የአክስቴ ልጅ ኑሩ በውክልና ተቀበለልኝ። የፋብሪካው አጥር ጋ ቆሜ ሳለሁ አብሮት የመጣውን ወረቀት በስልክ አነበበልኝ።

«ፋጤ፣ የተዘረዘረ ነገር አለ። አንዱ ላይ ምልክት አድርገዋል።»

«አንብበው።»

«ይቅር በኋላ...»

«ኑሩ፣ አንብበው።»

«‹ቪዛው ከማለቁ በፊት ከአገራችን ለመውጣት ያለዎት ፍላጎት አልተረጋገጠም› ይላል።»

ኢሜይሌን ያነበበው ሰው ይኑር አይኑር አላውቅም። ወደ አዳራሹ ተመልሼ ገባሁ። ከሰዓት ሦስት ጥቅል ጉድለት ያለበት ጨርቅ አሳልፌያለሁ፤ አይቼው ነው ያሳለፍኩት።

ዛሬ ቀልድ የለኝም። ፈልጌ አጣሁ።

ቤይሩት ወለል ልወለውል ስሄድ ማንም «ትመለሻለሽ ወይ?» ብሎ አልጠየቀኝም። እንዲያውም እንዳልመለስ ፓስፖርቴን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፈውብኝ ነበር። አሁን አሥር ቀን ልጨፍር ስል አትመለሽም ተባልኩ። ለመጥረጊያ ስሆን በሩ ሰፊ ነው። ለእግሬ ስሆን ጠበበ።

ለሪማ ጻፍኩላት። «መስከረም ላይ ሌላ ትምህርት አለ» አለችኝ። መስከረም ከዚህ ሆኖ አይታይም።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 21

የጠዋት ፈረቃዬን ጨርሼ፣ ጫማዬን ከነሻንጣው ይዤ ወደ ደሴ ወጣሁ። ጉም። ሚኒባሱ ውስጥ ምን እንደምናገር ስለማመድ ነበር። ሁሉም ዓረፍተ ነገር ዞሮ ዞሮ እማ ላይ ይወድቃል። «አንቺ ስላልሽው» የማይል አንድም አላገኘሁም።

በሩ ላይ ፊቴን አየችው።

«ከለከሉሽ?»

«አዎ።»

«ለምን?» ቀስ ብላ ነው ያለችው። «እኔ ያልኩት ነገር... አበላሽቼብሽ ይሆን?»

ዐይኗን አየሁ። ከዚያ አፌ የራሱን ሥራ ሠራ፦

«የለም እማ። ጫማው ነው። ሚስማር ያለበት ጫማ አውሮፕላን ላይ አይወጣም አሉ።»

ከዚህ የባሰ ውሸት በሕይወቴ ዋሽቼ አላውቅም። እማ ግን አመነችኝ፤ ማመን ብቻ ሳይሆን ተቆጣች። «ያ እንድሪስ! ድሮም እጁ አያርፍም! ታዲያ ይነቀላ! ሚስማር መንቀል ምን ሥራ ነው?» ብላ ጓዳ ገባች። አባቴ ትቶት የሄደውን ጉጠት ይዛ ወጣች፣ ግራውን ጫማ ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ አንድ በአንድ ትነቅለው ጀመር። አስቁሚኝ ብላኝ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ተቀምጬ አየኋት። ሃያ ሲደርስ ጉጠቱን ያዝኩት።

«ተይው እማ። አሁን ቢነቀልም ጊዜው አልፏል።»

ጫማውን አልለቀቀችም። ጎንበስ እንዳለች፣ «ፋጤ» አለች፣ «ቅዳሜ ሼህ ሙሄ እዚያው ትከልልን ሲሉ ሁሉም አሚን አለ።»

«አዎ።»

«እኔ አላልኩም። ከንፈሬን ብቻ ነው ያንቀሳቀስኩት። ለደዋዩም የሚባለውን አልኩት፤ እናት የምትለውን። ስድስት ዓመት በር በሩን ሳይ ኖሬያለሁ። ለአላህ ግን አሚን ማለት አቃተኝ። ይኼው፣ በኔ ምክንያት ቀረሽ።»

ሳቅኩ። ከሰኞ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው፤ ከሳቅ ይልቅ ሳል ይመስል ነበር። በሁለቱም አፏ ጥፋተኛ ነው፣ ባለውም ባላለውም። እሷ የምታውቀው ያላለውን ብቻ ነው። ይቆይ።

«ለመሆኑ ለዚህ ሚስማር ነው ያን ያህል መንገድ?» አለች። «እስቲ አሳዪኝ።»

የእህል ሣጥኑ ክዳን ላይ ወጣሁ። አሥራ ሁለት ቆጠርኩ። ግራው ሃያ ሚስማር ጎድሎታል፣ ደ-ደ-ብ ይላል፤ ቀኙ ግን ሣጥኑን አስጮኸው። እስከ አምስት ድረስ ትከሻዬን ያዝኩት። ስድስት ላይ አመለጠኝ። እማ ማጨብጨብ የጀመረችው እዚያ ላይ ነው።

የእትዬ ሀዋ በርበሬና በሶ አሁንም ሻንጣዬ ውስጥ ነው። ነገ እመልስላታለሁ። «ተጠረዘች» የሚለው ወሬ ከነገ ወዲያ ሰኞ ገበያ ይደርሳል። የተነቀሉትን ሚስማሮች እማ በኩባያ አስቀምጣልኛለች፤ ሦስቱ ጠመዋል። ጋሽ እንድሪስ ጋ ልውሰዳቸው ወይስ ልተዋቸው፣ አልወሰንኩም።

ጫማውን ግን አልጋ ሥር አልከተትኩትም። በሩ አጠገብ ነው ያቆምኩት።