ግራዬን ያዝልኝ

ይድረስ ለወንድምጋሼ፣

እንዴት ከርመሃል? ዓይንህስ? የብየዳው ብልጭታ ዛሬም ያስለቅስሃል ወይስ መነጽሩን ማድረግ ጀመርክ? እማዬ እንዴት ናት፣ እንቅልፍ ይወስዳታል? ባለቤትህና ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ ከግራ እጄ በቀር ደህና ነኝ። የምጽፈው በቀኜ ስለሆነ ጽሕፈቴ እንደ ድሮው ነው፤ እንደ ድሮው አይነበብም ማለቴ ነው።

በጭነት መኪናው ሹፌር የላክኸው መልእክት ደርሶኛል። «ስሙን ብቻ ላክልኝ፣ የቀረውን ለእኔ ተወው» ብለሃል። አንተ እንደሆንክ ከጥላህም ትጣላለህ! እስቲ መጀመሪያ ነገሩን ከእኔው ስማ።

በባንዳችን ደንብ እኔ ጡጫዬን ወደ ላይ ካነሳሁ «ወደ መነሻው ዜማ ተመለሱ» ማለት ነው። ሌላም ደንብ አለን፤ አዳራሹ ውስጥ ጠብ ከተነሳ ሙዚቃ አይቆምም። ሙዚቃው ከቆመ ሰው ሁሉ ጠቡ ውስጥ ይገባል ይላል የክለቡ ባለቤት። ያን ዕለት አዲሱን የጃዝ ድርሰቴን ለመጀመሪያ ጊዜ እየተጫወትን ነበር። ከፒያኖው አጠገብ የተቀመጠ አንድ የመኪና ደላላ ሰክሮ ይጮኻል። ሁለት ጊዜ ዞሬ ገላመጥኩት። በሦስተኛው ለጓደኞቼ ምልክት ልሰጥ ጡጫዬን ሳነሳ፣ እሱ በራሱ ላይ የተቃጣ መሰለው።

ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ ሰብሮ መጣብኝ። ጆሮዬን ሰነጠቀው። ከወንበሬ ስወድቅ በግራ እጄ የፒያኖውን ጠርዝ ያዝኩ፤ ያኔ የቁልፎቹን ክዳን በሁለት እጁ ይዞ ጣቶቼ ላይ ደጋግሞ ዘጋው። አጥንቴ ሲሰበር በጆሮዬ ሰማሁት። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ባንዱ ነው። ጡጫዬን አይተዋላ! በደንቡ መሠረት ወደ መነሻው ዜማ ተመልሰው ይጫወታሉ። በገዛ ዜማዬ ታጅቤ ተደበደብኩልህ። ኋላ ላይ ነው ነጎድጓድ የምንለው ከበሮ መቺያችን ደሜን አይቶ ሰውዬው ላይ የዘለለው፤ ካፍንጫው ደም እስኪወርድ ቀጠቀጠው።

ሐኪሙ ትንሿና የቀለበቷ ጣት ከእንግዲህ አይታጠፉም ብሎኛል። ያን ቀን እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ንዴት ያንተ ብቻ አይምሰልህ። ሰውዬው በዋስ መውጣቱን ስሰማ የፒያኖ መቃኛውን ብረት ኮቴ ውስጥ ደብቄ ቢሮው ሄድኩ። ልገድለው ነበር፤ ላንተ አልዋሽም። ሲያየኝ ጠረጴዛ ስር ገባ። የሰነዘርኩት ብረት የበሩን መስታወት መታው፣ መስታወቱም ቀኝ መዳፌ ላይ ወረደ። ቁስሉ አልጠለቀም፣ ነገር ግን ደሙን ሳይ ቀዘቀዝኩ። የቀረችኝን እጅ ልመርቅለት ነበር እኮ! ስለዚህ ስሙን አልልክልህም። አንተ ብትገድለው አንተ ትታሰራለህ፣ እማዬ በሐዘን ትሞታለች፣ የእኔ ጣት ግን አይታጠፍም።

አሁን የክለቡ ባለቤት ሌላ ፒያኒስት እየፈለገ ነው። ሌላ ሰው ያንን ድርሰት ሲነካው ማየት ከክዳኑ ይብስብኛል። ትዝ ይልሃል፣ አባባ ጥበቃ በነበረበት ትምህርት ቤት፣ ያቺን ጥርሷ የረገፈ ፒያኖ አንድ ወንበር ላይ ተጣብቀን ስንጫወት? አንተ በግራ፣ እኔ በቀኝ። ስቸኩል እግሬን ትረግጠኝና «ማን ያባርርሃል?» ትለኝ ነበር። ሰሞኑን ድርሰቱን እያየሁ ነበር። የግራውን ክፍል ስጽፍ ለካ የጻፍኩት ያንተን እጅ ነው፤ ከባድ፣ የማይቸኩል፣ የማይበገር። ብየዳ ጣትህን አደንድኖት ይሆናል። ግድ የለም፣ ዜማውም ደንዳና ነው።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ። እጁን ትንሽ ተመትቷል በላት እንጂ ተሰብሯል አትበላት። አንተን ለጥቂት ጊዜ ስለምነጥቃት ባለቤትህን ይቅርታ ጠይቅልኝ። ትንሿን ልጅህን ጉንጯን፣ ትልቁን ግንባሩን ሳምልኝ፤ ለሰውዬው ያዘጋጀኸውንም ብረት እሱ ይደብቅብህ።

አንተ ባዶ እጅህን ና። በግራዬ ቁጭ በል።

ወንድምህ
ከክለቡ ጓሮ፣ ከኪራይ ክፍሌ
እሑድ ከሰዓት በኋላ