ድምፁን ዝቅ አድርጊው

ይድረስ ለውድ አባቴ ለአቶ ዘለቀ አያና፣
አሰላ

ለጤናዎ እንዴት ነዎት? ጉልበትዎስ እንዴት አድርጎዎታል? ያ ሳል ለቀቀዎት ወይስ እንደ ልማድዎ «ምንም አልሆንኩ» እያሉ እማዬን ያስጨንቋታል? እማዬስ፣ ከብቶቹስ፣ ጎረቤቱስ ሁሉ ደህና? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለኝ የለም። ብርዱ ግን አጥንት ሰርስሮ ይገባል። የቻንግሻ ብርድ ቤትም ውጭም አንድ ነው። እንደ አገሬው ከሥሩ ማሞቂያ ያለው ጠረጴዛ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ጣል አድርጌ፣ እግሬን ከውስጥ ከትቼ ነው ይህን የምጽፍልዎ።

ባለፈው በስልክ «ማታ ማታ ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ?» ብለውኝ ነበር። ቴሌቪዥን አያለሁ አባባ። ቀኑን ሙሉ ከማስተምራቸው ሕፃናት ጋር ስጮህ ውዬ ስገባ፣ የእንግሊዝኛውን ጣቢያ ከፍቼ ዜና እሰማለሁ። ቻይንኛውን አፌ ቢለምደውም ለደከመ ጆሮ እንግሊዝኛው ይቀለኛል። «ብቻሽን» ያሉት ግን ልክ አይደለም።

ጎረቤቶቼ ጋሼ ታንና ባለቤታቸው እትዬ ፔንግ ናቸው። ጋሼ ታን ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ናቸው፤ ግትርነታቸው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የእርስዎን ይመስላል። አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ ዩንሹ የምትባል። እዚሁ ባቡር መሥሪያ ቤት ሥራ አስይዘውላት፣ ባልም መርጠውላት ሳለ፣ «ሥራውንም ባሉንም አልፈልግም» ብላ ቤጂንግ ገባች። «ሰው ፊት አዋረደችኝ! ይቅርታ እስክትጠይቅ ስሟ በዚህ ቤት እንዳይነሳ!» አሉ አባቷ። እሷም የአባቷ ልጅ ናትና አልደወለችም። እናቲቱም ባላቸውን ፈርተው አልደወሉም። ሦስት የቻይና ዘመን መለወጫ እንዲሁ አለፈ። ዩንሹም በእንግሊዝኛው ጣቢያ የአየር ጠባይ አንባቢ ሆነች።

አንድ ማታ ጋሼ ታን ፒንሳ ይዘው መጡና «የማሞቂያሽን ሽቦ ልይልሽ» አሉኝ። ሽቦው ምንም አልሆነም። ተቀምጠው ዜናው እስኪያልቅ ጠበቁ፤ ልጅቷ ብቅ ስትል አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። እንግሊዝኛ አንዲት ቃል አያውቁም እኮ! «ምን አለች? ከስታለች አይደል? ድምፁን ዝቅ አድርጊው፣ ግድግዳው ስስ ነው፤ ባለቤቴ እንዳትሰማ» አሉ። ከዚያ ወዲያ ሽቦዬ በየምሽቱ ይበላሽ ጀመር።

ጉድ የሚባለው ግን ይህ ነው። ያው ዝግጅት ጠዋት ይደገማል። እትዬ ፔንግ ደግሞ የኮመጠጠ ቃሪያ በሳህን ይዘው «ለቁርስሽ» እያሉ ይመጣሉ፤ ቁጭ ብለው ልጃቸውን ያያሉ፣ ዓይናቸውን በመሀረብ ይጠርጋሉ። «ዝቅ አድርጊው የኔ ልጅ፣ ያ ግትር ሽማግሌ ከሰማ ጉዴ ነው!» እኔ የሁለቱን ምስጢር ተሸክሜ ሆዴ አበጠ። ልናገር እልና፣ በባልና ሚስት መካከል ምን ጥልቅ አደረገኝ ብዬ እተወዋለሁ።

የዘንድሮው ዘመን መለወጫቸው ሲቃረብ ዩንሹ ከቴሌቪዥኑ ጠፋች። በእሷ ቦታ አንድ ጎልማሳ ያነባል። ጋሼ ታን «ዕረፍት ወጥታ ይሆናል» አሉ፤ በማግስቱም የለችም፣ በሦስተኛውም የለችም። እትዬ ፔንግ ቃሪያውን ረስተው ባዶ እጃቸውን መጡ። «ታማ ነው፤ እናት አትሳሳትም» አሉ። ያን ዕለት ማታ ጋሼ ታን እግራቸውን ከብርድ ልብሱ ሥር ከተው ተቀምጠው ሳለ፣ እትዬ ፔንግ እስከ ጠዋት መጠበቅ አቅቷቸው በነጠላ ጫማ እየሮጡ ገቡ።

ክው አልኩ! «አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?» አሏቸው። «የማሞቂያውን ሽቦ ነዋ!» «ሽቦው ቴሌቪዥኑ ውስጥ ነው እንዴ?» ጋሼ ታን በተራቸው «አንቺስ ምን ፈልገሽ መጣሽ?» ቢሉ፣ «እኔማ ልጄን!» ብለው እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ።

ጋሼ ታን ፒንሳቸውን አስቀመጡ። «ቁጥሯን ታውቂዋለሽ?» አሉ። እትዬ ፔንግ በቃላቸው ያውቁታል። ስልኩ ጮኸ፣ ጮኸ፤ በመጨረሻ የታፈነ ድምፅ «አቤት» አለ። ለካ ጉሮሮዋን አሟት ድምፅዋ ተዘግቶ ኖሯል። ጋሼ ታን ያጠራቀሙት ንግግር ሁሉ ጠፋቸውና «በልተሻል?» አሉ። እዚህ አገር ሰው ለሚወደው ሰው የሚለው ይህንኑ ነው። «በልቻለሁ አባዬ» አለች። ከዚያ «ያ ሰማያዊ ኮትሽ ስስ ነው፤ የቤጂንግ ብርድ አይቻልም፤ ወፍራም ልበሽ» አሏት። ገባት። እየተነፋረቀች፣ «አንተ ከመቼ ወዲህ ነው እንግሊዝኛ የምታየው?» አለቻቸው። «እንግሊዝኛውን ማን አየው፤ አንቺን ነው እንጂ!»

ለዘመን መለወጫ መጣች። አባቷ ከዓሣው ሆድ ምርጡን እያወጡ ሳህኗ ላይ ሲከምሩላት አየሁ። ይቅርታ ማን ቀድሞ ይጠይቅ የሚለውን ያነሳም የለም። እኔም እዚያው ማዕድ ላይ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

አባባ፣ ይህን ሁሉ የጻፍኩልዎ ወሬ አምሮኝ አይደለም። ወንድሜ ደርቤ ያለ እርስዎ ፈቃድ ካገባ ወዲህ እንደተኳረፋችሁ እማዬ ነግራኛለች። ቤቱ ከአጥራችን ማዶ ሆኖ፣ እርስዎ በአጥሩ ቀዳዳ ሲወጣ ሲገባ እያዩ «ልጁ ከሳ እንዴ?» ይሏታል አሉ።

ለእማዬ «ጉልበትሽን ትስማለች» ይበሉልኝ። ለእትዬ ውድነሽ፣ ለምንትዋብ ከነልጆቿ፣ አጥቢያችን ውስጥ ላሉት ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስ። ለደርቤ የላክሁትን ሰላምታ ግን በሰው አይላኩብኝ። በሩ ድረስ ሄደው እርስዎ ራስዎ ያድርሱልኝ። «አስካለ ልካኝ ነው» ቢሉት ክብርዎ አይነካም።

ልጅዎ አስካለ ዘለቀ
ቻንግሻ፣ የካቲት 8 ቀን 2016 ዓ.ም.