ገዥው የተቀመጡበት አሸዋ

ይድረስ ለእታለም፣

እንዴት ከረምሽ? ጉልበትሽን ብርድ እንዳይገባው ግዢ ያልኩሽን የሱፍ ሻርፕ ገዛሽ ወይስ እንደ ልማድሽ እሺ ብለሽ ችላ አልሽኝ? ጎረቤቶችሽ ባሏ የሞተባት እያሉ ሲጠሩሽ ዛሬም ጠፋ እንጂ አልሞተም ብለሽ ትቆጪያለሽ? እኔ ደህና ነኝ። ከሥራዬ ግን ሳያባርሩኝ አይቀሩም፤ ከጋዜጣ ከምትሰሚው ከእኔ ትስሚው ብዬ ነው።

ሹመቴን ታውቂዋለሽ። የግዛቱ ጸሐፊ ማለት ገዥው ሲኖሩ ቀለም በጥባጭ፣ ገዥው ከወሰናችን ሲወጡ ደግሞ ምክትል ሳይሆን ራሱ ገዥ ነው። ገዥ የምትልክልን ዋሽንግተን ናት፤ አንዱ አቧራው አልተስማማኝም ብሎ ይሄዳል፣ ሌላው ይመጣል፣ እኔ እዚሁ አለሁ። የአሁኑ ገዥ ሚስተር ዊትኮም ነፍሳቸው የፈረስ እሽቅድምድም ነው። እሽቅድምድሙ ደግሞ ከወንዙ ማዶ፣ ከወሰናችን ውጭ ነው።

በቅርቡ አምብሮስ ኪል የሚባል ሰው በስቅላት እንዲሞት ተፈረደበት። ካርታ ሲጫወቱ የከብት ነጋዴውን የብራንሶንን ልጅ ገድሎ ነው። ቀድሞ ሽጉጥ የመዘዘው ሟቹ እንደሆነ ያየ ሰው ነበር፤ ዳኛው አልሰማውም። ገዥውን ማሩት ብዬ ለመንኳቸው። ለአንድ ቁማርተኛ ብዬ ነጋዴዎቹን አላስቀይምም አሉኝ።

እስረኛውን ላነጋግር ሄድኩ። ሸሪፋችን ታጋርት አዝኖለት ፖም ሰጥቶት ነበር። ሰውዬው ፖሙን ሰነጠቀና ጨው ነስንሶ በላው። እታለም፣ ፖም በጨው የሚበላ ስንት ሰው ታውቂያለሽ? እኔ አንድ ብቻ ነው የማውቀው፤ ማዕድ ላይ በዚሁ ስትጨቃጨቂው ትዝ ይለኛል። ቀና ብሎ አየኝ። እውነተኛ ስሙን አልጠየቅኩትም። ብቻ ቀስ ብሎ፣ ደህና ናት? አለኝ። ደህና ናት አልኩት። ያን ሁሉ ዓመት መንገድ ስታዪ መስኮት ላይ ያስቀመጠሽን ሰው በገዛ እጄ ባንቀው ደስ ባለኝ። ሲሰቅሉት ቆሜ ማየት ግን አልሆነልኝም።

የስቅላቱ ቀንና የእሽቅድምድሙ ቀን ገጠሙ። ገዥው ማልደው ጀልባ ተሳፈሩ። ወሰናችን የወንዙ ዋና ፈሳሽ ነው፤ እሱን ሲያልፉ በገዥነት ልፈርምበት ያዘጋጀሁትን የምሕረት ወረቀት ይዤ ዳር ላይ ቆምኩ። ውሃው ጎድሎ ነበርና ጀልባዋ ከማዶው ሳትደርስ መሐል አሸዋ ላይ ተቀረቀረች። አስቢው። ገዥው ወረዱና ወንበር አስመጥተው አሸዋው ላይ ቁጭ አሉ። ነጭ ባርኔጣቸው ከዳር ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ቀትር ላይ ሰውዬውን ሲያወጡት ፈርሜ ወረቀቱን ለታጋርት ሰጠሁት። አነበበና ወደ ወንዙ ዞረ። ጌታው፣ ገዥው እኮ ያውና ተቀምጠዋል፣ እርስዎን ማን ሾመዎት? አለኝ። ሕዝቡ ሳቀ። ብራንሶን አልሳቀም፤ እጁን ሽጉጡ ላይ አድርጎ፣ በል ገመዱን አጥልቅለት አለው።

አፌ ደረቀ። ደግነቱ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በጸደይ፣ ጎርፉ ካለፈ በኋላ፣ እዚያው አሸዋ ላይ ሬሳ ተገኝቶ ነበር። ታጋርት መቅበሩ ታክቶት፣ ጎርፉ ፈሳሹን ወደኛ ዳር አዙሮታል፣ አሸዋው የማዶዎቹ ሆኗል፣ ራሳቸው ይቅበሩት ብሎ ፍርድ ቤት ቆሞ ማለ። ይህን በሕዝብ ፊት አነሳሁበት። አሸዋው የኛ ከሆነ ያኔ በሐሰት ምለሃል፣ የነሱ ከሆነ ዛሬ ገዥህ እኔ ነኝ፣ አንዱን ምረጥ አልኩት።

ታጋርት ባርኔጣውን አወለቀና ላቡን ጠረገ። ከመቆፈር ልገላገል ብዬ የማልኩት መሐላ ሰው ያተርፋል ብዬ መቼ አሰብኩ አለና የእስረኛውን እጅ ፈታለት። ብራንሶን እግሬ ሥር ምራቁን ተፍቶ፣ መንገዱ ረጅም ነው፣ እናያለን አለ።

ገዥው ማታ እስከ ወገባቸው ረጥበው ተመለሱ። ቁጭ ባልኩበት ሹመቴን ሰረቅከኝ ብለው ጮኹብኝ፤ ለዋሽንግተን ጽፈዋል። ይጻፉ።

ሰውዬውን በዚያው ቀን ሠረገላ ላይ ጫንኩት። ወዴት ልሂድ? አለኝ። እኔ ምን አውቄ፣ ቤቷን ግን አልለወጠችም አልኩት። ሠረገላው ሊነሳ ሲል፣ አንዴ ብቻ ነው የማንኳኳው አለኝ። የብራንሶን ሰዎች መንገድ ላይ ካልቀደሙት ይደርሳል። ክፈቺለት አልልሽም፤ አትክፈቺለትም አልልሽም። ብቻ ሰሞኑን ከቤት አትራቂ፤ ጨውም አይጥፋ።

እግዚአብሔር ደጅሽን ይጠብቅልሽ፣ ልብሽንም ያሳርፈው።

ለግማሽ ቀን ገዥ የነበረው
ታናሽ ወንድምሽ